ዘቅዝቆ የለበሰ ባቡር

የጣቢያው በር ፊት አይቶ ነው የሚያስገባው። ቲኬት ይዘህም ፊትህ ካላማረው አይከፈትም። የደስታ ባቡር ስለሆነ አንድ የጠቆረ ፊት የፉርጎውን ሰው ሁሉ ቀን ያበላሻል ይላሉ። እኔን ሁለት ጊዜ መለሰኝ። «ትንሽ ዘና ብለው ይመለሱ» ይላል በሴት ድምፅ፣ በትሕትና። ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ።

እኔ ስስቅ አላምርም፤ ጥርሴም ሙሉ አይደለም። በሦስተኛው ግን ዘበኛውን አየሁት። የራሱ ፊት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጨምቆ እኔን «ፈገግ በሉ እንጂ እናቴ» ይለኛል። እሱን ሳይ ሳቄ መጣ፤ በሩም ተከፈተ። ሰው ከቀበርኩ ሳምንት አልሞላኝም። ስቄ ገባሁ።

የቀበርኩት የእህቴን ልጅ ነው። ስሙ ኪሩቤል ነበር። ከተማ ከእኔ ጋር ነበር የሚኖረው፤ ቤቴ ውስጥ ከእሱና ከእኔ ሌላ ሰው የለም። እኔ ዶሮ ማረጃ ቤት እሠራለሁ፣ እሱ ሥራ ይፈልግ ነበር። ሳል ጀመረው፣ ሳሉ ሳንባው ገባ፣ ሞተ። እናቱ ሰዋለም አልሰማችም። እህቴ የምትኖረው ዕይታ ውስጥ ነው።

ዕይታ የሚባለው ከባቡሩ መስኮት የሚታየው ተራራ በሙሉ ነው። ባቡሩ በእናታችን ጊዜ እህልና ሲሚንቶ ያመላልስ ነበር። አርጅቶ ሲቆም አንድ ድርጅት ወሰደውና ለጉብኝት አደረገው። ቀጥሎ ተራራውን ወሰደ። ሰው ተነሥ አልተባለም። ኑሩ፣ ግን ለማየት የምታምሩ ሆናችሁ ኑሩ ነው የተባለው። የቆርቆሮ ቤት ፈርሶ ሣር ክዳን ሆነ። ባቡር ሲያልፍ ደጅ ወጥቶ እጅ ማውለብለብ ሥራ ሆነ። ተሳፋሪው ያየውን ሲወድ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ብዙ ያልተጫኑለት ሰው ከዕይታ ይወጣል፤ ከዕይታ ሲወጣ መሬቱን ይዞ አይወጣም። ከውጭ ደግሞ በእግር መግባት የለም፤ ከባቡር መንገድ ላይ መውረድም የለም።

መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አጥቼው አይደለም። መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ሲጨንቀኝ ግን ደወልኩላት። ወደ ዕይታ የሚገባ ስልክ ክፉውን ቃል ያለሰልሳል።

«ሰዋለም፣ ኪሩቤል ሞተብን» አልኳት።

«ተመስገን፣ እኔም ደህና ነኝ» አለችኝ። «ያችን ሳሉን ግን ዝንጅብል አፍልተሽ ስጪው።»

ደግሜ ጮህኩ። ሞቷል፣ ቀብሬዋለሁ አልኳት። እሷ ሳቀች።

«ምን ያስቸኩለዋል እትዬ? መጀመሪያ ሥራ ይያዝ በይው» አለችኝ።

ስልኩ በእኔ ድምፅ ምን እንዳላት አላውቅም። ሊያገባ ነው ያላት ይመስለኛል።

ስለዚህ በነጠላ ላረዳት ቆረጥሁ። ነጠላ ዘቅዝቆ መልበስ ሐዘን ነው። በደህና ቀን ታች የሚውለው ጥለት በሐዘን ቀን ወደ ላይ ይወጣና አንገትና ትከሻ ላይ ይሆናል። እናታችን የሞተች ጊዜ ሰዋለምና እኔ እንደዚያ ለብሰን ነው የከረምነው። በባቡሩ መስኮት ዘቅዝቄ ብታየኝ ይበቃታል። ማን ሞተ ብላ መጠየቅም የለባት፤ ከእኔ ጋር ያለው ሰው አንድ ነው።

ከበሩ ወዲያ ኬብሮን የምትባል አስተናጋጅ ቆማ ለገባው ሁሉ ነጠላ ታለብሳለች። ገና ልጅ ናት፣ ጆሮዋ ውስጥ የሚያወራት ነገር አለ፤ እሱን እያዳመጠች ነው ሰው የምታናግረው። የእኔን ነጠላ ከትከሻዬ አነሣችና ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

«የግል ልብስ ሲመለሱ ይወስዳሉ፣ እማማ። ጉዞው ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚለብሰው» አለችና የድርጅቱን ነጠላ አለበሰችኝ። አለባብሳ ስትጨርስ ጥለቱ አንገቴ ሥር ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አልኳት።

«ምን አሉኝ?»

«ይኼ የለቅሶ አለባበስ ነው። ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«ኧረ እማማ፣ የባህል አለባበስ ነው። ከድሮ ፎቶ ላይ አጥንተው ነው ያወጡት። ጥለቱ ፊት አጠገብ ሲሆን ፊት ያበራል።»

ፎቶው የቀብር ፎቶ እንደሆነ የነገራቸው የለም። ቀና ብዬ ሳይ የተሳፈረው ሰው በሙሉ ዘቅዝቆ ለብሶ እየሳቀ ፎቶ ይነሣል። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሙሽሮች ሳይቀሩ።

ያሰብኩት ሁሉ እዚያው ፈረሰ። በየቀኑ በእህቴ ደጅ ዘቅዝቆ የለበሰ ባቡር ያልፋል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ደንግጣ ይሆናል፤ አሁን ለምዳዋለች። እኔንም ብታየኝ ከእነሱ አንዷ ነኝ። እጇን አውለብልባልኝ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ፉርጎው የመጨረሻው ነው። የእኔ ወንበር የመተላለፊያው ነው፤ መስኮቱን የያዘችው ሩሐማ የምትባል ሴት ናት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች፣ እጇ ግን ሥራ አያውቅም። ስሟን ያወቅሁት ስልኳን አውጥታ ራሷን እያናገረች ስትቀርጽ ነው። ፊት ለፊታችን ጋሽ ምናሴ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ኬብሮን በስማቸው ጠርታ ትራስ አመጣችላቸው።

ባቡሩ ተነሣ፣ ዳገቱን ጀመረው፣ ዕይታ መጣ። አንዱ በሬ ጠምዶ ያርሳል። የታረሰ መሬት ነው፤ ትናንት ያረሰውን ዛሬ ይደግመዋል፣ አይዘራበትም። ከጎጆዎቹ ጭስ ይወጣል። እሳት አይነድባቸውም፤ የሚበስለው ከኋላ፣ ባቡር በማያየው በኩል ነው። ሁለት ሴቶች ከምንጭ ውኃ ቀድተው ዳገት ይወጣሉ፤ ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላችን ሳይ ውኃውን ደፍተው ይወርዳሉ። ሁሉም እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ሁሉም ይስቃሉ። በእኛ በኩል መስታወቱ ጠቅ ጠቅ ይላል።

«የኛ ሰው እኮ ምንም ሳይኖረው ደስተኛ ነው» አለች ሩሐማ።

«ካልሳቀ መሬቱን ይነጠቃላ» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተሽኛል።»

ዘወር ብላ አየችኝ። ከእግሬ ጀምራ ነው ያየችኝ። «አንዳንድ ሰው ለምን ለሽርሽር እንደሚመጣ አይገባኝም» አለች ለጋሽ ምናሴ።

የመጀመሪያውን ዋሻ አለፍን። የእህቴ አገር ቀጭን መስክ ከሦስተኛው ዋሻ ወዲያ ነው። ዝም ብዬ ልቀመጥ ወይስ ምን ላድርግ ስል የሩሐማ ነጠላ ጥለት ዓይኔ ሥር ነው፤ ወርቅማ፣ አብረቅራቂ። የሁሉም ልክ ቢገባ የእኔ ብቻ የተዘቀዘቀ ይሆናል። ያኔ ሰዋለም ትለየኛለች።

«ነጠላሽን አዙሪው» አልኳት።

«ይቅርታ?»

«ዘቅዝቀሽዋል። እንደዚህ የሚለበሰው ሰው ሲሞት ነው። ሳይሞትብሽ በገዛ እጅሽ ሟርት እየጠራሽ ነው።»

«ኧረ በስመአብ በይ» አለች። እንደዚያ ያለ ትምህርት የጠገበ ሰው ሟርት አይፈራም ይመስላችኋል። እጇ ግን ጥለቱ ላይ ሄደ። «ጋሼ፣ ውሸቷን ነው አይደል?»

ጋሽ ምናሴ ወደ መስኮቱ አዩ። «እውነቷን ነው» አሉ። «ጥለቱ ታች ነው መሆን ያለበት።»

«ታዲያ ሲያለብሱን እያዩ ዝም አሉ?»

«ሁሉም እንደዚያ ለብሶ ሳይ ጊዜው ተለውጦ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ልጄ እኮ ዛሬ ነገ የምትወልድ ናት» አለች ሩሐማ፤ ነጠላውን እንደ እሳት ከላይዋ አውርዳ ገለበጠችው።

ከዚያ በኋላ እኔ ብዙ አልደከምኩም። ተነሥቼ ከወንበር ወንበር እየሄድሁ «ዘቅዝቃችኋል፣ የለቅሶ ነው» አልኩ። አንዱ ጎረምሳ «ሴትዮ አትረብሺን» አለኝ። ሚስቱ ግን እሱን በክርኗ ጎሽማ የራሷን አዙራ፣ የእሱንም ጎትታ አዞረችለት። አንዷ ሰደበችኝ፤ እየተሳደበች አዞረች። «ሰው ተዝናንቶ እንዳይመለስ የተላከች ናት» ያለም ነበር፤ እሱም አዞረ። የሁለተኛው ዋሻ ጨለማ ውስጥ ስንገባ የሚሰማው የነጠላ ኮሽታ ብቻ ነበር።

ስንወጣ ኬብሮን መተላለፊያው ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ ምን አድርገው ነው? ይቀመጡ። እንደዚህ ሆኖ ለፎቶ አይወጣም። እየጠየቁኝ ነው» አለች ጆሮዋን ይዛ። «ላይ ጣቢያ ስንደርስ ያወርዱዎታል፤ እኔንም ይቀየሙኛል።»

«እናት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ደህና ናት?»

«ሆስፒታል ናት» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ምን ዘቅዝቀሽ ቆመሻል?»

ፊቷን አዞረች። ወደ እኛ ስትመለስ ጥለቷ ታች ነበር። ዓይኗን ግን ከእኔ ላይ አላነሣችም፤ በሕይወቴ እንደዚያ የጠላኝ ሰው የለም። በሰው እናት ማስፈራራት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የለሰለሰ ቃል እንደማይደርስ ግን ስልኩ ላይ አይቼዋለሁ።

«አንቺስ?» አለችኝ ሩሐማ ወደ ወንበሬ ስመለስ። «ሁላችንንም አስወልቀሽ የራስሽን ለምን አላዞርሽውም?»

«እኔማ ሞቶብኛል።»

ከፊት የተቀመጡት ሳይቀሩ ዞሩ።

«በሩ እንዴት አስገባዎት?» አለች ኬብሮን።

«ስቄ።»

ሩሐማ ቦርሳዋን አቅፋ ተነሣች። ሐዘን እንደ ጉንፋን የሚጋባ ይመስል ልብሷ ልብሴን እንዳይነካ ሰብስባ አልፋኝ ወደ ፊት ወንበር ሄደች። ስትሸሽ መስኮቱ ባዶ ሆነ። ተጠግቼ ቆምኩ። ሦስተኛው ዋሻ ዋጠን።

ከዋሻው ሲወጣ ባቡሩ ለፎቶ ብሎ ይዘገያል። መንገዱ ስለሚታጠፍ እሷ ሳታየኝ እኔ አየኋት። ሰዋለም ደጇ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ትሰፋለች። ዕይታ ከገባች ጀምሮ ሥራዋ ሰፌድ መስፋት ነው፤ ከፍጻሜ ሳይደርስ ይፈቱትና ነገ ደግሞ ትጀምረዋለች። ከስታለች። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፤ ወይም ነጭ ያምራል ብለው ቀብተዋት ይሆናል። የፊተኞቹ ፉርጎዎች በፊቷ ሲያልፉ እጇ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ። ፈገግታዋ አይነቃነቅም። ያ ሁሉ ዘቅዝቆ የለበሰ ሰው ሲያልፍ ዓይኗ አያየውም።

የእኛ ፉርጎ ደረሰ። ጥለቱ ታች የሆነ ሰው በመስኮት በመስኮት ተደርድሯል። እጇ ዘገየ። አንገቷን ቀና አደረገች፤ ምን እንደተለወጠ የምትፈልግ ትመስላለች። አንድ በአንድ እያየች መጣች። መጨረሻው መስኮት ላይ እኔን አገኘችኝ።

አላውለበለብኩም። ጥለቱን በሁለት እጄ አንገቴ ላይ ይዤ ቆምኩ።

እጇ አየር ላይ ቀረ። ፈገግታዋ ቶሎ አልጠፋም፤ ለምዶባት ፊቷ ላይ ቆየ፤ ዓይኗ ነው ቀድሞ የተለወጠው። ከዚያ ብድግ አለች። ሰፌዱ ከጭኗ ወድቆ ቁልቁል ተንከባለለ። ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች፣ አፏ ተከፈተ። መስታወቱ ድምፅ አያስገባም፤ ፉርጎው ውስጥ ዋሽንት ነበር የሚሰማው። ጮኻ ስትጨርስ ከላይዋ ነጠላዋን ገፈፈች፣ ገለበጠችው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለበሰችው፣ ወደ እኔ እያየች። ሰምቻለሁ ማለቷ ነው። ባቡሩ ይዞኝ ሄደ።

ዘወር ስል መስታወቱ ሁሉ ጠቅ ጠቅ ይላል። በሁለቱም እጃቸው ነው የሚጫኑት።

«አየሃት አነሣሷን?»

«ተዋናይ ናት እንዴ?»

«እኔ ዕንባዬ መጣ» አለች ሩሐማ ከፊት ወንበር፣ እየቀረጸች። እኔን ሸሽታ የሄደችው ሴት።

ጋሽ ምናሴ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ እንዳሉ ናቸው። አልተጫኑም። እንዳልሰማ ሰው ወለሉን ያያሉ።

ኬብሮን ጆሮዋን ይዛ መጣች። የሚያወርዱኝ መስሎኝ ቦርሳዬን አነሣሁ።

«አያወርዱዎትም» አለች። «አለቆች ወደውታል። ባቡሩ ሥራ ከጀመረ እንደዚህ የተጫኑለት ነገር የለም አሉ። ነገም ይደገም ነው የሚሉት።»

«ምኑ?»

«መርዶው።»

«አንዴ የሞተ ልጅ ነገም ይሙት?»

«ተሳፋሪው በሙሉ አሁን እንዳለው ይለብሳል፤ አንድ ሰው ዘቅዝቆ መስኮት ላይ ይቆማል። እርስዎ ቢመጡ ደስ ይላቸዋል» አለች። ቀጥሎ ያለውን ዓይኔን ሳታይ ነው የተናገረችው። «ባይመጡም ሌላ ሰው ያቆማሉ። የሚያስፈልገው ነጠላ ነው።»

የላይኛው ጣቢያ ደመና በር ይባላል። ወርደው ሻይ ጠጡ፣ ገደል አፋፍ ላይ ፎቶ ተነሡ። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ቀን በቀን እህቴ ሰፌዷን ስትጥል ይታየኛል። እኔ ነኝ መንገዱን ያሳየኋቸው። ብቀር ኖሮ ግን ልጇን ለመዳር ስትዘጋጅ ትኖር ነበር፣ ስልኩም እየሳቀ ያግዛት ነበር። አሁንም ቢሆን ያደረግሁትን እደግመዋለሁ።

ስንመለስ ሁሉም አስቀድሞ በእህቴ ደጅ በኩል ባሉት መስኮቶች ተኮለኮለ። አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ደመና በር ሥር ያሉት ጎጆዎች ደጅ ሰው አልነበረም። «ምሳ ሰዓት ይሆናል» አለ ያ ጎረምሳ። ቀጥሎ ያለው መስክም ባዶ ነው። ከጎጆዎቹ ጭስ ይወጣል፣ ሰው የለም።

ቀጭን መስክ ስንደርስ ባቡሩ እንደ ልማዱ ዘገየ።

ዕይታው በሙሉ ሰዋለም ደጅ ተሰብስቧል። አራሹ በሬዎቹን ፈትቶ መጥቷል። ውኃ ቀጂዎቹ እንስራቸውን ጥለው መጥተዋል። የማላውቃቸው፣ ከላይም ከታችም የመጡ፣ ሽማግሌዎችም ሴቶችም፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁሉም ዘቅዝቀዋል። ሁሉም ጀርባቸውን ለባቡሩ ሰጥተዋል። ሰዋለምን መሃል አስገብተው ከበዋታል፤ እሷ አትታይም። እሷን ለማየት ስንት ሰው አንገቱን ሰበረ፤ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። አንድም ሰው ዞር አላለም። ከተራራው ድምፅ ማጉያ ዋሽንቱ ከፍ አለ፣ ደግሞ ከፍ አለ፤ አልዞሩም።

የተጫነ ሰው የለም።

«ለዚህ ነው ያን ያህል መንገድ የመጣነው?» አለች ሩሐማ። «ፊታቸውን እንኳ ቢያዞሩ ምናለበት?»

ኬብሮን አጠገቤ ቆማ ነበር። «ከዕይታ ያስወጧቸዋል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ከሆነማ…» አለችና ተወችው። ከጆሮዋ ውስጥ ያለውን ነገር አውጥታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

ከቀጭን መስክ እስከ ታችኛው ጣቢያ ድረስ ያለው ተራራ ባዶ ነበር። ሁሉም ለቅሶ ሄዷል። ተሳፋሪው ድንጋይና ሣር እያየ፣ እየተነጫነጨ፣ አንዳንዱም እያንቀላፋ ወረደ። ለእኔ ያ አገር እንደዚያን ቀን አምሮብኝ አያውቅም።

ጣቢያው ስንደርስ ነጠላዬን ከሣጥኑ አወጣሁና የድርጅቱን ጣልኩት። የራሴን ዘቅዝቄ ለብሼ ወደ በሩ ሄድሁ፤ ከሁሉም ቀድሜ ደረስሁ። በሩ ሲወጡም ፊት ያያል። ከደስታ ባቡር ያዘነ ሰው ወጣ እንዳይባል ነው።

«ጉዞዎ እንዴት ነበር?» አለኝ በዚያች ሴት ድምፅ። «ትንሽ ዘና ይበሉ።»

ከኋላዬ ሰው እየተሰበሰበ መጣ። ዘበኛው «ፈገግ በሉ እንጂ እናቴ፣ ሰው ይለፍ» አለኝ። ጥርሴን ባሳየው ይከፈታል። ጠዋት አድርጌዋለሁ፤ አሁን ግን የሚያስቸኩለኝ የለም። እኔ ኪሩቤልን ስቀብር ቁጭ ብዬ አላለቀስኩለትም። እናቱ ሳትሰማ ማልቀስ አልሆነልኝም ነበር። አሁን ሰምታለች።

በሩ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥሁ።

«ምን ሆና ነው? አንሷት እንጂ» አለች ሩሐማ። የነካኝ ግን የለም።

ጋሽ ምናሴ በሰው መሃል እየተገፉ መጡ። ነጠላቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ዘቀዘቁት፤ ጣታቸው አስቸግሯቸው ስለነበር ቆየባቸው። ከዚያ ግድግዳውን ይዘው ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እግዜር ያጥናሽ» አሉኝ። «ስሙን ማን ነበር የሚሉት?»

ከሞተ ጀምሮ ስሙን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳቸው።

ከላያችን የተሰለፉት በሩን ለማስከፈት መሳቅ ጀመሩ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም፣ ጥርሳቸውን ወደ በሩ አድርገው። ግን በሩ ሥር የተቀመጥነው እኛ ነን፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እኛን ነው። አልተከፈተም። እኔም አልተነሣሁም።